የአቡጀዲ ውልና የአባያ ጥጥ

የንግድ ውሎቻችን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። መልእክተኛው መቼ እንደ ገባ፣ እንዴት ያለ አቀባበል እንደ ተደረገለት፣ ምን ገጸ በረከት እንዳቀረበና ውሉ በማን ማኅተም እንደ ጸና በሰፊው ይተረካል፤ ውሉ ከጸና በኋላ ግን አንድ ጥጥ አምራች ወይም አንድ ሸማኔ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ እምብዛም አይጠየቅም። ይህች ጽሑፍ ነገሩን ከወዲያኛው ወገን ለመመልከት ትሞክራለች። የምትመለከትበትም ሥፍራ ከአዲስ አበባ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ የሚገኘው የአባያ ሐይቅ ዳርቻና ከበላዩ የተንሰራፋው የጋሞ ደጋ ነው። በዚህ አገር ጥጥ ይበቅላል፣ ጥጥ ይፈተላል፣ ሸማ ይሠራል፤ የኢትዮጵያም የውጭ ንግድ ዲፕሎማሲ ከመነሻው ጀምሮ ከጨርቅ ተለይቶ አያውቅም።

ጸሐፊው መሐንዲስ እንጂ የታሪክ ሊቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ለውል እንግዳ አይሆንም። በግንባታ ሥራ ላይ የቆየ የማኅበራችን አባል ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሥራው ዕጣ የሚወሰነው የፊርማው ሥነ ሥርዓት በደመቀበት ቀን አይደለም፤ ማንም ልብ ሳይለው ባለፈ በአንድ ንኡስ አንቀጽ ነው። የንግድ ውሎችንም በዚህ ዓይን ማንበብ የሚገባ ይመስለኛል።

አገሩን ላላዩ ባልደረቦቻችን ጥቂት ልበል። አባያ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ወንዞቹ በሚያግዙት ደለል ምክንያት ውሃው ቀላ ያለ ሲሆን፣ ከጎረቤቱ ከጫሞ የሚለየው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ ጀርባ ነው። ቆላው ለጥጥ፣ ለበቆሎና ለሙዝ የተመቸ ነው፤ ደጋው እንሰትና ገብስ ያበቅላል። በደጋው፣ በተለይም በዶርዜ፣ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ከዚህ የወጡት ሸማኔዎች ናቸው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን የሸማ መንደር ያደረጉት።

በአድዋው ዘመን ኢጣሊያዊው ካፒቴን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ወደዚህ ሐይቅ ደርሶ ነበር። ሰውየው ከመንገዱ ላይ በጁባ ወንዝ ዳር በሉግ የንግድ ጣቢያ አቋቁሞ ያለፈ ሲሆን፣ አሳቡም የደቡቡን አገር ንግድ ወደ በናድር ጠረፍ መሳብ ነበር። በ1888 ዓ.ም. አባያን ሲያይ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ ብሎ ሰየመው፤ ይህም ስም ለረጅም ዘመን በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ተጽፎ ቆየ። የሐይቁ ባለቤቶች ስሙን ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ቦቴጎ በ1889 ዓ.ም. በምዕራብ ኢትዮጵያ በውጊያ ሲሞት የሉግ መንገድም እንዳሰበው ሳይሆንለት ቀረ። ንግድ ያለ ባለአገሩ ፈቃድ፣ ካርታና ጠመንጃ ብቻ ይዞ የሚከፈት የመሰለበት ዘመን በአድዋ ላይ አበቃ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ደብዳቤ ይዘው የመጡ ናቸው። በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሬነል ሮድ፣ በ1897 ዓ.ም. የጀርመኑ ፍሪድሪክ ሮዘን ወደ አዲስ አበባ መጥተው ውል ተፈራረሙ። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው በመካከል የመጡት የአሜሪካው መልእክተኛ የሚስተር ሮበርት ስኪነር ጉዞ ነው።

ሚስተር ስኪነር በማርሴይ የአሜሪካ ዋና ቆንሲል ነበሩ። አሜሪካ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ውስጥ አንድም ሹም አልነበራትም፤ የአሜሪካ ጨርቅ ግን ከሹም ቀድሞ ገብቶ ነበር። አቡጀዲ እያልን የምንጠራው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ወጥቶ፣ በኤደን ነጋዴዎች እጅ አልፎ፣ በግመል ጀርባ ሐረርና ሸዋ ይደርስ ነበር። ስኪነር ይህን ከቆንሲልነት ወንበራቸው አስተውለው ለመንግሥታቸው አሳሰቡ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትም ፈቀዱላቸው። በባሕር ኃይል ወታደሮች ታጅበው ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በእንስሳት ተጉዘው ታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ውሉ የተፈረመው በዚያው ወር በ17 ቀን ነው። መልእክተኛው በከተማው የሰነበቱት ከሁለት ሳምንት ብዙም አይበልጥም፤ ዛሬ በዚህ ፍጥነት አንድ የጨረታ ሰነድ እንኳ አይገመገምም።

ውሉ አጭር ነው። የሁለቱ አገሮች ነጋዴዎች እንዲዘዋወሩና እንዲነግዱ ይፈቅዳል፤ ከዚያም ለሌላው መንግሥት የተሰጠው የንግድ መብት ለአሜሪካም እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ሁለተኛው ነገር በየውሉ እየተደጋገመ የምናገኘው ስለሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ። ለአንዱ የተሰጠው ለሁሉም ይሰጥ የሚል አንቀጽ በአንድ አገር ውል ውስጥ ከገባ፣ ከዚያ በኋላ ከማናቸውም ወገን ጋር የሚደረግ ውል ሁሉ ከሌሎቹ ጋር እንደ ተደረገ ይቆጠራል። አንድ ቧንቧ ላይ የተከፈተ ውሃ በተያያዙት ቧንቧዎች ሁሉ እንደሚሄድ ዓይነት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ይህ በተግባር ታየ። የፈረንሳዩ መልእክተኛ ሙሴ አንቶኒ ክሎቡኮቭስኪ ጥር 1 ቀን 1900 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ባጸኑት ውል ውስጥ፣ ከፈረንሳይ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከዋጋው 10 ከመቶ እንዳይበልጥ፣ በወይንና በመሳሰሉት መጠጦችም ላይ 8 ከመቶ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ባለ ሌላ ውሎቹ መንግሥታት ያን አንቀጽ እየጠቀሱ ለእኛም ይገባናል አሉ። ስለዚህ ለመጠጥ ተብሎና ለጅቡቲ መስመር ተብሎ የተዋዋልነው ነገር ከማንቸስተር፣ ከማሳቹሴትስና ከቦምባይ ለሚመጣው ጨርቅ ሁሉ ጣሪያ ሆነ። በውሉ ውስጥ የነበረው ስለ ፈረንሳውያን ዳኝነት የሚናገረው አንቀጽ በብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። እኔ ግን አገሪቱን የበለጠ የጐዳት አሥሩ ከመቶ ይመስለኛል። ዳኝነቱ በአንድ በሌላ ነጋዴ ጠብ ላይ ብቻ የሚታይ ሲሆን፣ አሥሩ ከመቶ በየዕለቱ በየጉምሩኩ ኬላ ይሠራ ነበር። መንግሥት የአገሩን እጅ ሥራ በቀረጥ ልጠብቅ ቢል እንኳ ከዚያ ጣሪያ በላይ መውጣት አይችልም።

ይህ ሲባል ግን የጋሞ ሸማኔ በአቡጀዲ ምክንያት ወዲያው ሥራ ፈታ ማለት አይደለም። አቡጀዲ ለሱሪ፣ ለእጀ ጠባብ፣ ለድንኳን ገባ፤ ነጠላና ኩታ፣ ጥለት ያለው ሸማ ግን በሸማኔው እጅ ቀረ። እንዲያውም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በውሎቹ በተከፈተው በር የገባው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ከሕንድ የሚመጣው የፋብሪካ ፈትልም ገብቷል። ሸማኔው ይህን ፈትል ለድር አደረገው፤ ማጉን ከሚስቱ እንዝርት አወጣ። የፋብሪካው ክር ጠንካራና ወጥ ስለሆነ በመሸመኛው ላይ ቶሎ አይበጠስም፤ እጅ ፈትሉ ደግሞ ለልብሱ ልስላሴና ሙቀት ይሰጣል። ማንም ሚኒስትር ሳያዘው፣ ማንም ሊቅ ሳያስተምረው በጋሞ ጓሮ የተገኘ የምህንድስና መፍትሔ ነው ብል አጋነንኩ አያሰኘኝም። የአገራችንን የሽመና ሥራ እስከ ዘመናችን ያደረሰውም ይህ የድርና የማግ ሽርክና ነው።

የአስተዳደሩም ሁኔታ ሊጠቀስ ይገባዋል። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሥራ ለአንድ ሰው፣ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ተሰጠ። የዛሬ ሰው ይህን ሲያነብ የሹም እጥረት ይመስለው ይሆናል። የዘመኑ አስተያየት ግን ትክክል ነበር፤ ከውጭ መንግሥት ጋር የሚደረገው ንግግር ዘጠኝ እጁ ስለ ንግድ፣ ስለ ባቡርና ስለ ባንክ ነበርና። ነጋድራሱ በጉምሩክ የሚሰበስበውን ቀረጥ መጠን የሚወስነው ውል በራሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብ ነበር ማለት ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ለሸማኔው ክብር ሰጠው፤ ውሉ ግን ለገበያው ጥበቃ ነሣው። ሁለቱም በአንድ ዓመት የሆኑ ናቸው።

በዚያን ዘመን ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያየ ሰው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይመስለኛል። በጉምሩክ ሥራ ላይ ስለነበረ የሚገባውንና የሚወጣውን በዓይኑ ያይ ነበር። ከሞተ በኋላ በታተመው መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር በተባለው መጽሐፉ፣ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል ሕዝብ ከዓመት ዓመት ድካሙን ለሌላው እንደሚያስረክብ አስረድቷል። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ይህ ልውውጥ ፈጠነ እንጂ መልኩ አልተለወጠም።

አቡጀዲ ራሱ በምን እንደ ተሸነፈ ደግሞ እንመልከት። አሜሪካኖች ውል ነበራቸው፤ ገበያውንም ቀድመው ይዘዋል። ከ1910ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን የጃፓን ጨርቅ በረከሰ ዋጋ እየገባ ቦታውን ወሰደባቸው። ኢትዮጵያና ጃፓን በ1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በሚከተለው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ሄደው ፋብሪካዎቹን ጐበኙ፤ ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ብላቴን ጌታ በጃፓን ያዩት አንድ ነገር ከውሉ የበለጠ ነበር፤ ከአውሮፓ ጥበብን ተቀብሎ የራሱን ጨርቅ ለዓለም የሚሸጥ የእስያ መንግሥት። ጃፓን በ1924 ዓ.ም. የወርቁን ሥርዓት ለቃ የገንዘቧ ዋጋ ሲወድቅ ጨርቋ ይበልጥ ረከሰ። ለሁሉም እኩል ይሁን የሚለው አንቀጽ ለአሜሪካ ምንም አላተረፈላትም፤ እኩል በተከፈተ በር የሚያልፈው በርካሽ የሠራው ነውና።

ስለ መዋዕለ ንዋይ ካነሣን የሪኬት ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። የኢጣሊያ ጦር በድንበር በተሰለፈበት በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ፍራንሲስ ሪኬት ለተባለ እንግሊዛዊ የአገሪቱን ምሥራቃዊ ክፍል የሚያጠቃልል የነዳጅ ፍለጋ ውል ሰጡ። ከውሉ በስተኋላ የነበረው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ የአሜሪካ ገንዘብ ያለበትን መሬት ኢጣሊያ በቀላሉ አትደፍርም ተብሎ ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ግን ጣጣ ፈርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኩባንያውን ከውሉ አስወጣው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ጀመረ። የውጭ ገንዘብ የባለቤቱ መንግሥት ያልወደደውን ጋሻ አይሆንም።

ከነጻነት በኋላ የመጣው የዲፕሎማሲ ንግድ ከቀድሞው የተለየ ነው፤ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ እንዲመጣ ይፈለግ ጀመር። በ1943 ዓ.ም. ከሆላንዱ የሐ.ቪ.አ. ኩባንያ ጋር በተደረገው ስምምነት የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1949 ዓ.ም. ሕንድን ጐብኝተው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ በአቃቂ የኢንዶ-ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ተከለ። የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ በተንዳሆ ጥጥ ዘራ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው አዋጅ ቁጥር 242 ለባለ ገንዘቡ የግብር ዕፎይታ፣ መሣሪያን ያለ ቀረጥ ማስገባትንና ትርፍን ወደ ውጭ መላክን ፈቀደ። በወረቀት ላይ አዋጁ ለአገሪቱ ሁሉ አንድ ነው። በመሬት ላይ ግን ፋብሪካዎቹ በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ፣ በድሬዳዋና በአዋሽ ሸለቆ ተከማቹ፤ መንገድ፣ መብራትና ባቡር የነበረው በዚያ ነበርና። አምባሳደር በውጭ አገር አንድን ባለ ሀብት ሲያግባባ የሚሸጠው አዋጁን ብቻ አይደለም፤ የመንገዱን ሥራ ተቋራጭና የመብራቱን መሐንዲስ ሥራም አብሮ ይሸጣል። ጋሞ ጎፋ ያኔ የሚሸጥላት ነገር አልነበራትም። የጠቅላይ ግዛቱ ርእሰ ከተማ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው እንኳ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው።

የደርግን ዘመን በአጭሩ አልፋለሁ። በ1967 ዓ.ም. ዋና ዋና ፋብሪካዎችና የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኑ፤ በአርባ ምንጭና በአባያ ዳርቻ የመንግሥት እርሻዎች ጥጥ አመረቱ። ንግዱ ፊቱን ወደ ሶሻሊስት አገሮች አዞረ፤ በ1969 ዓ.ም. የቡና እጥረት የገጠማት ምሥራቅ ጀርመን የኢትዮጵያን ቡና በጦር መሣሪያ መለወጧ የዘመኑን ጠባይ ይናገራል። ስለ ሽርክና ማኅበራት በ1975 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 235 የውጭ ገንዘብን እንደገና ቢጋብዝም እንግዳው አልመጣም። ለአርባ ምንጭ ከዚያ ዘመን ከተረፉት ሁሉ የበለጠው በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው ብል ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቹ ይደግፉኛል፤ እኔም ከዚያው ኢንስቲትዩት ወራሽ ከሆነው ዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ስለሆንኩ አድልዎዬን አልሸሽግም።

ከዚያው ዘመን ግን አንድ እንግዳ የሆነ የንግድ ሥራ አለ፤ የአዞ እርባታው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በአርባ ምንጭ አቅራቢያ የአዞ ማርቢያ አቋቋመ። እንቁላሎችና ጫጩቶች ከአባያና ከጫሞ ዳርቻ እየተሰበሰቡ በገንዳ ያድጋሉ፤ ቆዳቸውም ወደ ውጭ ይሸጣል። የአዞ ቆዳ እንደ ጥጥ አይደለም። ለመጥፋት በሚያሠጉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዓባይን አዞ መጀመሪያ ንግዱ ፈጽሞ ከተከለከለባቸው መደብ አስቀምጦት ነበር፤ በኋላ ግን የማርቢያ ሥርዓት ላቆሙ አገሮች፣ ለኢትዮጵያም ጭምር፣ በቁጥጥር እንዲሸጥ ወደሚፈቀድበት ሁለተኛ መደብ አዛወረ። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የስምምነቱ አባል ሆናለች። እያንዳንዱ ቆዳ የአገሩ የዱር እንስሳት ባለ ሥልጣን የሰጠው ፈቃድና ቁጥር ያለበት መለያ ተለጥፎበት ካልወጣ በሌላው አገር ጉምሩክ ይወረሳል። ስለዚህ በዓለም ጉባኤ ላይ አንድ የእንስሳ ስም ከአንድ ዝርዝር ወደ ሌላው ሲዛወር በአርባ ምንጭ አቅራቢያ ላለው ገንዳ ገበያ ተከፈተለት ማለት ነው። በአባያና በጫሞ አገር ዲፕሎማሲ ገበያን እንደ ፈጠረ በግልጽ የሚታይበት ሥራ ይህ ብቻ መሆኑ ያስቃልም ያሳዝናልም።

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ነገሩ በመሥሪያ ቤት መልክ ተደራጀ። በ1984 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 15 የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤትን አቋቋመ፤ ይህም ከጊዜ በኋላ ኮሚሽን ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ግንኙነት ፖሊሲ ኤምባሲዎች ከሁሉ በፊት ለልማት፣ ለገበያና ለውጭ ኢንቨስትመንት እንዲሠሩ ደነገገ፤ አገሪቱም በዚያው ዓመት የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ጥያቄ አቀረበች። ከአንድ መቶ ዓመት ያህል በኋላ የነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ድርብ ሹመት በሌላ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል። ሥራውም ፍሬ አሳይቷል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2003 ዓ.ም. በቻይና ሼንዠን ከሁዋጂያን ጫማ ኩባንያ ጋር ተነጋግረው በመጪው ጥር ኩባንያው በዱከም ጫማ መሥራት ጀመረ። ከስኪነር ወዲህ እንዲህ ያለ ፍጥነት የታየ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የመጣው ሐዋሳ ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች አለቁ። ከእኛ ሙያ አንጻር ሲታይ ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ፎቆችና ለማሽን ክብደት ያልተሰላ መዋቅር ያመጡት ጥፋት ነው፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ልብስ ሻጮችም ሌላ አገር መፈለግ ጀመሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ጊዜ ተጠቅሞ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ አግባባ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይና ሥራ ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ያህል ተገንብቶ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ወደ ሐይቁ ምንም እንዳይለቅ የታቀደ ጣቢያ ተሠርቶለታል፤ በውሃ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች ልንጐበኘው የሚገባ ሥራ ነው። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞና ከጎፋ ወጣት ሴቶች በሺዎች እየሆኑ ገቡ። የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር።

የገበያው መሠረት አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. ግንቦት የወጣው ይህ ሕግ ከአፍሪካ የሚገባ ልብስን ከቀረጥ ነጻ አደረገ። በውስጡ አንድ ንኡስ አንቀጽ አለ፤ ድሀ ለሆኑት አገሮች ጨርቁ ከየትም ቢመጣ፣ ስፌቱ ብቻ በአፍሪካ ከተደረገ ልብሱ ነጻ ይገባል ይላል። አንቀጹ የተጻፈው በበጎ አሳብ ነው። መፍተያና መሸመኛ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብ፣ የማይቋረጥ መብራት፣ የተስተካከለ የአየር እርጥበትና ርዝመቱ ወጥ የሆነ ጥጥ ይፈልጋል፤ ስፌት ግን አዳራሽ፣ ማሽንና ሰው ካገኘ ይሠራል። ስለዚህ በሥራ ዕድል ረገድ አንቀጹ ጠቅሞናል። በአባያ በኩል ሲታይ ግን የሐዋሳ ሸሚዝ የአገሩን ጥጥ እንዲፈልግ የሚያስገድደው ምንም ነገር አልነበረም። ጨርቁ በአብዛኛው ከእስያ ተጭኖ፣ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ የአባያን ጥጥ በጎን አልፎ ሐዋሳ ይገባ ነበር። ከአርባ ምንጭ እስከ ሐዋሳ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ገበሬው የውል አንቀጽ አያነብም፤ ዋጋ ግን ያነባል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ በመስኖ የሚለማው መሬት ከዓመት ዓመት ከጥጥና ከበቆሎ ወደ ሙዝ ዞረ። ሙዙ ኤምባሲም ኮሚሽንም ሳያስፈልገው በጭነት መኪና አዲስ አበባ ገብቶ ይሸጣል። ጥጥን መልሶ ማትረፊያ ማድረግ ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠየቀው መዳመጫው ነው። ዘሩ በንጽሕና የሚለይበት፣ ጭረቱ በርዝመትና በጥንካሬ ተለክቶ ደረጃ የሚሰጥበት ቦታ ከሌለ፣ በውል ውስጥ የአገር ጥጥ ይመረጥ ተብሎ ቢጻፍም ፈታዩ ፋብሪካ አይቀበለውም። የንግድ ውል የሚደራደሩ መልእክተኞቻችን ከሕግ ዐዋቂና ከምጣኔ ሀብት ሊቅ ጋር አንድ ስለ ክር የሚያውቅ ሰው ይዘው ቢሄዱ ደግ ነው እላለሁ።

በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በኅዳር ወር ፒ.ቪ.ኤች. በሐዋሳ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን ውሳኔው ጸና። በዚያን ቀን ከጥጥ የተሠራ ቲሸርት በአሜሪካ ጉምሩክ 16.5 ከመቶ፣ ከጥጥ ጨርቅ የተሰፋ የወንድ ሸሚዝ 19.7 ከመቶ ቀረጥ ተመለሰበት። በ1900 ዓ.ም. የእነርሱን ጨርቅ ከ10 ከመቶ በላይ እንዳንቀርጥ መታሰራችንን ያስታወሰ አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ጐን ለጐን ያስቀምጣቸው። አሜሪካ በ1896 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የተነጋገረችው በውል ነው፤ ውልን የሚያፈርስ ሁለቱንም ወገን ያነጋግራል። አጎዋ ግን የአሜሪካ ሕግ እንጂ ውል አይደለም፤ በአንድ ወገን ፊርማ የተሰጠው በአንድ ወገን ፊርማ ተነሣ። በጦርነቱም በውሳኔውም ላይ እጅ ያልነበራቸው የጋሞና የወላይታ ልጆች ሥራቸውን አጡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሸማኔ ልጆች ናቸው።

የአውሮፓ በር ግን ተከፍቶ ቆይቷል። የአውሮፓ ማኅበር በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ከጦር መሣሪያ በቀር የድሀ አገሮች ዕቃ ሁሉ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ለልብስ የሚጠየቀው ስፌቱ በአገር ውስጥ መደረጉ ብቻ ነው። ከሐዋሳ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። የአባያ ጥጥ በዚያኛውም ደንብ ውስጥ አልተጠቀሰም።